ልጄ ቫዮሊን ትማር ወይስ ክራር?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችኝ። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ክበብ ከፍቶ የክር መሣሪያ ሊያስተምር ነው። ጥቂት ቫዮሊኖች፣ ክራሮችና ማሲንቆዎች አሉ። የመምህሩ ሐሳብ ልጆቹ አንድ ላይ ሆነው እንደ ትንሽ ኦርኬስትራ እንዲጫወቱ ነው። ልጄ «ቫዮሊን ካልሆነ» ብላለች። በስልክ አይታ ነው የወደደችው። አባቷ ደግሞ «ክራር ይሻላታል፤ የራሳችን ነው፤ ቢበላሽም የሚጠግነው አይጠፋም» ይላል። አብራን የምትኖረው እናቴ ከነጭራሹ አልወደደችውም። «የልጅ ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» ብላ ተቆጥታለች። እኔ ስለ ሙዚቃ ምንም አላውቅም። ዕድሜዋ ደርሷል? የትኛውን ትያዝ? ቫዮሊን እንግዛላት? ትምህርቷን አያዘናጋትም? ከሁለት ወር በኋላ ሰለቸኝ ብትልስ? ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የምንዋሰነው፤ ጩኸቱም ያሳስበኛል። — አንዲት እናት፣ ከደሴ»

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽ ብዙ ይምሰል እንጂ መልሱ ያን ያህል አይከብድም። ክበቡ ውስጥ አስገቢያት። የወደደችውን ቫዮሊን ትያዝ። አንቺ ግን ቢያንስ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ድረስ ቫዮሊን አትግዢ። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም ደስ ያሰኘኝ መምህሩ ልጆቹን አንድ ላይ ሊያጫውት ማሰቡ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። መሣሪያ መማር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ልጅ ብቻውን ክፍል ዘግቶ ሲለማመድ ነው። ይሄ ለልጅ ይከብዳል። ቫዮሊን በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፁ አያምርም። ብቻዋን የምትማር ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሰማው የራሷን ሲጥሲጥታ ነው። ከዚያ «እኔ አልችልም» ትላለች፤ ነገሩ ያበቃል።

ልጆች ተሰብስበው ሲጫወቱ ግን አንድ ክር ብቻ የምታውቀውም ሥራ አላት። መምህሩ «አንቺ ሬን ብቻ ያዢልኝ» ይላታል። ትልልቆቹ ዜማውን ሲጫወቱ እሷ ያችኑ አንድ ድምፅ ረዘም አድርጋ ትስባለች። ውጭ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ሙዚቃ ነው። እሷም ገና ጀማሪ ሆና ሙዚቃ ውስጥ ገብታለች። ሌላም ብዙ ነገር ትማራለች። እኩል መጀመር፣ እኩል ማቆም፣ ተራ እስኪደርስ ዝም ብሎ መቁጠር፣ የጎን ጓደኛን መስማት። ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ተጫዋች በአንድ ድምፅ ይቃኛል። ብዙ ጊዜ ያ ድምፅ «ላ» ነው፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ቆማ ስትጠብቅ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ቫዮሊን፣ ክራርና ማሲንቆ አብረው ይሄዳሉ ወይ ብለሽ አትጨነቂ። የተለያዩ የሀገር መሣሪያዎችን አሰባስቦ በአንድ መድረክ ማጫወት እኛም ሀገር የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተው፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን አንድ ላይ አቀናጅቶ ነበር የሚሠራው። መምህራችሁ ቫዮሊን ጨመረበት እንጂ መንገዱ የተጠረገ ነው።

ስለ ዕድሜዋ አጭር ነው የምልሽ። ዘጠኝ ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን ነበር የሚያስጀምሩት። ከእሳቸው ዘዴ ሁለት ነገር ብትወስጂ ይጠቅምሻል። አንደኛ፣ ልጅ አፍ መፍቻ ቋንቋዋን የምትለምደው ሰምታ ነው፤ ዜማውንም ኖታ ከማንበቧ በፊት ደጋግማ ትስማ። ሁለተኛ፣ ወላጅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ። መምህሩ ከፈቀደ አንድ ሁለት ቀን ሄደሽ ጥግ ላይ ተቀመጪ። ሙዚቃ አለማወቅሽ ምንም አይጎዳም። ትከሻዋ ቀና ሲል፣ አውራ ጣቷ ሲታጠፍ ማየት ትችያለሽ። የመጀመሪያው ዓመት ዋና ሥራ እሱ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አባቷ ተሳስቷል አልልም። ክራር ለጀማሪ ልጅ በጣም ደግ መሣሪያ ነው። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። አንድ ጊዜ በአንዱ ቅኝት ከተቃኘ እያንዳንዱ ክር የቅኝቱን አንድ ድምፅ ይሰጣል። ልጅቷ የትኛውንም ክር ብትነካ ከቅኝቱ አትወጣም። በመጀመሪያው ቀን የሆነ ዜማ ይዛ ቤት ልትገባ ትችላለች። ጭንቁ ሲገረፍ፣ ማለትም ክሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲመቱ ነው የሚመጣው። መሰማት የሌለባቸውን ክሮች የግራ እጅ ጣቶች ነክተው ዝም ማሰኘት አለባቸው። እሱም ቢሆን በጊዜ ይለመዳል።

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። ጣት ክሩን ወደ እንጨቱ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው። የት እንደሚነካ የሚነግር ምልክት የለም። ጆሮ ብቻ ነው ዳኛው። ቫዮሊንም በዚህ ዘመዱ ነው። እንደ ጊታር ድምፅ የሚለይ ብረት አንገቱ ላይ የለውም። መምህራን ለጀማሪዎች አንገቱ ላይ ቀጫጭን ፕላስተር ለጥፈው የጣቱን ቦታ ያሳያሉ። ያ ፕላስተር ነውር የለውም፤ ጆሮዋ ሲበስል ይነሳል።

ታዲያ ክራር ደግ ከሆነ ለምን ቫዮሊን ትያዝ አልኩሽ? ልጅቷ የወደደችው የቫዮሊንን ድምፅ ስለሆነ ነው። ልጅ በወደደችው ድምፅ ላይ የምታሳየው ትዕግሥት ሌላ ነው። እኛ በመረጥንላት መሣሪያ ግን በመጀመሪያው ክፉ ቀን «እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ» ትላለች። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ። በስልክ ያየችው የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። ምርጫዋን ከመጻፍሽ በፊት መምህሩ ሦስቱንም መሣሪያ በእጇ አስይዞ እንዲያስነካት ለምኚው። ደጋን ስቦ ድምፅ ማውጣትና በጣት ክር መንካት ለሰውነት የተለያየ ነገር ነው። ያኔ ማሲንቆውን ወድዳ ብትመለስ አይግረምሽ። ከወደደችውም እሱን ትያዝ።

የአባቷ ስጋት ግን ከመጠገኑ በላይ ሌላ ነገር ያለበት ይመስለኛል። «የራሳችን ነው» ያለው ልጁ ከራሷ ዜማ እንዳትርቅ ፈርቶ ከሆነ አብሽር በይው። ቫዮሊን የወሎን ዜማ አይከለክልም። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ የሚጠሩት በእናንተው አካባቢ ነው። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው፤ በቫዮሊን ሁሉንም መጫወት ይቻላል።

እንዲያውም ይቺን ለመምህሩ ንገሪው። የቫዮሊን አራት ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። ልጅቷ የሬን ክር ባዶውን ትስባለች። ከዚያ እዚያው ክር ላይ አንደኛ ጣቷን ታስቀምጣለች፤ በቫዮሊን አንደኛ ጣት የሚባለው ጠቋሚ ጣት ነው፣ አውራ ጣት አይቆጠርም። ቀጥላ ሁለተኛ ጣቷን ከአንደኛው ራቅ አድርጋ ታሳርፋለች። ከዚያ የላን ክር ባዶውን። በመጨረሻ እዚያው የላ ክር ላይ አንደኛ ጣቷን። አለቀ። ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ)፣ ላ፣ ሲ። ይህ ትዝታ ሜጀር የሚባለው የትዝታ ዓይነት ነው። ሁለት ክርና ሁለት ጣት ብቻ ነው የፈጀው። ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው የጣት አቀማመጥ ይኸው ነው። ብዙ ልጆች በዚህ አቀማመጥ የፈረንጅ የሕፃናት መዝሙር ነው የሚለማመዱት። የደሴ ልጅ በትዝታ ብትጀምር ጆሮዋ ቀድሞ የሚያውቀውን ዜማ ነው ጣቷ የሚፈልገው። ድምፁ ሲዛነፍ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ታጨማድዳለች። አምባሰል ግን አንደኛ ጣትን ወደ ኋላ ወደ መቃኛው መሳብ ይጠይቃል፤ ለትንሽ እጅ ስለሚያስቸግር ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ክራሮቹም በዚሁ ከ«ሬ» በሚነሣው ትዝታ ከተቃኙ ሁሉም አብረው ይጫወታሉ። ክራር በተቃኘበት ስለሚቆይ ቫዮሊኑ ክራሩን ይከተላል እንጂ ክራሩ ቫዮሊኑን አይከተልም።

አትግዢ ያልኩበትን ልንገርሽ። ቫዮሊን በመጠን ይለያያል። ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ ይወርዳል። ለልጅ ዩኒፎርም ስናሰፋ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆናት ብለን ሰፋ እናስደርጋለን። ቫዮሊን ላይ ይሄ አይሠራም። ትልቅ ቫዮሊን የያዘች ልጅ ክንዷ ይወጠራል፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣቷ ቦታው ላይ አይደርስም። ድምፁ ሲዛነፍ ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ዘጠኝ ዓመት ላይ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ ነው የሚሆናት፤ ግን ዕድሜ አይደለም የሚወስነው። ክንዷ ነው። ቫዮሊኑን አገጯ ሥር አድርጋ ግራ እጇን ወደ ፊት ትዘርጋ። ክርኗ ትንሽ እንደታጠፈ የቫዮሊኑን የተጠቀለለ ጫፍ በመዳፏ አቅፋ መያዝ ከቻለች ልኳ ነው። ክንዷ ተወጥሮ በጣቷ ጫፍ ብቻ ከደረሰች ትልቅ ነው፤ አንድ መጠን ይውረድላት። የትምህርት ቤቱ ቫዮሊኖች ሁሉም ሙሉ መጠን ከሆኑ ያኔ የአባቷ ክራር ያሸንፋል። በማይሆናት ቫዮሊን ከመጀመር በሚሆናት ክራር መጀመር በጣም ይሻላል። በዚህ ላይ አላመነታም።

ደግሞም ልጅ ታድጋለች። ዛሬ የገዛሽው ግማሽ ቫዮሊን ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ያንሳታል። ስትቀጥል ካየሽ ያኔ ትገዢያለሽ። ስትገዢም በፎቶ አትግዢ። በጣም ርካሽ የሆኑት ለዓይን ያማረ ቫዮሊን ይመስላሉ እንጂ መቃኛቸው አይይዝም፣ ክራቸውም ከአንገቱ በጣም ርቆ ጣት ያሳምማል። መምህሩን ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያው ቃኝቶ ይጫወትበት።

ቫዮሊኑን ቤት ይዛ እንድትመጣ ከተፈቀደላት ሦስት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለብሽ፤ ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው በእነዚህ ነው። አዲስ መምቻ፣ ማለትም የቫዮሊኑ ደጋን፣ ፀጉሩ ላይ ሮዚን የሚባለው ደረቅ ሙጫ ካልተቀባ ምንም ድምፅ አይሰጥም። ማሲንቆ ተጫዋቾች ጭራውን ዕጣን እንደሚቀቡት ማለት ነው። ስለዚህ ድምፅ እምቢ ሲል ተበላሸ ብለሽ አትመልሺው። ሌላው፣ ክሮቹን የተሸከመችው ትንሽ የእንጨት ድልድይ በማጣበቂያ አልተጣበቀችም። የምትቆመው ክሮቹ ስለሚጫኗት ነው። አራቱንም ክር አንድ ላይ ካላላሽ ድልድዩ ይወድቃል፤ ሆዱ ውስጥ ያለችው የድምፅ ምሰሶም ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ ማቆም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ክር ሲቀየር አንድ በአንድ። ሦስተኛው፣ መምቻው ከልምምድ በኋላ ይላላ። ተወጥሮ ካደረ እንጨቱ ይጣመማል። ፀጉሩን በእጅ መንካትም የለም፤ የእጅ ወዝ ሙጫውን ያበላሸዋል።

የደሴን አየር አትርሺ። ከተማችሁ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉና ዝናቡ ሲከርም እንጨት ያብጣል፤ የክራርና የማሲንቆ ቆዳም ይላላል፤ ድምፁ ይደክማል። በበጋው ደረቅ ነፋስ ደግሞ መቃኛው እንጨት ይሟሽሽና እየተንሸራተተ ክሩ ይፈታል። ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ ይዛችሁት ስትወርዱም ሙቀቱ እንዲሁ ያደርገዋል። የሚንሸራተት መቃኛ ላይ ጥቂት ጠመኔ ማሸት ይረዳል። ጠመኔ ከሆነ ትምህርት ቤት አይጠፋም። የማሲንቆ ቆዳ ሲላላ ለትንሽ ጊዜ ፀሐይ ማሳየት የቆየ ዘዴ ነው። ቫዮሊንን ግን ፀሐይ ላይ ማስጣት አይገባም፤ በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ ይከፈታል። ከከሰል ምድጃውም አርቂው።

ቤት ውስጥ ምን ያህል ትለማመድ? በቀን አሥር ደቂቃ ለጊዜው ይበቃታል። ግን በየቀኑ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጦ ከማድከም በየቀኑ አሥር ደቂቃ በብዙ ይበልጣል፤ ጣት የሚለምደው በመደጋገም ነው። በየቀኑ የሚሆን ሰዓት ለማግኘት ደግሞ ወሎ ምን ይቸግረናል። ቡና አለ። ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ ትለማመድ። አቦል ሲቀዳ ታቆማለች። ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፤ ጭቅጭቅም የለም። አንቺም እዚያው ነሽ፤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያታለሽ። አታርሚያት። «ያቺን እንደገና አሰሚኝ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ቫዮሊኑ ቤት ካልመጣ አትዘኚ። ብዙ ትምህርት ቤት መሣሪያ አያስወጣም፤ ምክንያትም አለው። ያለ መሣሪያም ብዙ ይሠራል። የመምቻ አያያዝ በእርሳስ ይለመዳል። አውራ ጣት ታጥፎ፣ ትንሿ ጣት ከላይ ኮርመት ብላ እርሳሱን ትይዘውና እጇን ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሰዋለች። ጣቶቿ ሳይበላሹ እንዲቆዩ ማድረግ ከባድ ነው፤ ሞክሪውና ታያለሽ። የምትማረውን ዜማ በአፏ ትዝፈነው። በእጇ እያጨበጨበች ትቁጠረው። በአፏ መዝፈን የቻለችውን ጣቷ ያገኘዋል። የግራ እጇ ጥፍር ደግሞ ሁልጊዜ አጭር ይሁን።

ስለ ጩኸቱ እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ጆሮ ያስቸግራል። ሲጥሲጥታው የሚመጣው መምቻውን ከልክ በላይ ስትጫነው፣ ወይም መምቻው ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ሲሸሽ ነው። ችሎታ ከማጣት ጋር አታያይዢው። ጎረቤቶችሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ቡናው ላይ ጥሪያቸው። ሰው ቀድሞ የተነገረውን ድምፅ ይታገሣል። ድምፁን ለመቀነስ ቀለል ያለ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ድልድዩ ላይ ቀስ ብሎ መቆንጠጥ ይቻላል። መምህሩ እንዴት እንደሆነ ያሳይሽ። ሲመሽ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ቁጣቸውን አቅልለሽ አትዪው። በእሳቸው ዘመን አዝማሪ ተብሎ መጠራት ቀልድ አልነበረም። ሠርግና ድግስ ያለ አዝማሪ አይደምቅም ነበር፤ ሆኖም ያንኑ ባለሙያ ልጁን የሚድርለት ጥቂት ነው። በተለይ ለሴት ልጅ ነገሩ የከፋ ነበር። እናትሽ ይህን አይተዋል። ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ከፍቅር ነው። «ዘመኑ ተለውጧል እማዬ» ብቻ ብትያቸው አይሰሙሽም።

ይልቅ የሚያዩትን አሳያቸው። ዛሬ ሙዚቃ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት በሚባለው ትምህርት ውስጥ ገብቶ ይሰጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ ማሲንቆና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ያስተምራል፤ በዲግሪም ያስመርቃል። ይህን ንገሪያቸው። ክበቡ የሚሰበሰበው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በቀን፣ መምህር ባለበት መሆኑንም አስረጃቸው። አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ በዓይናቸው ይዩት።

ከዚያ ሥራ ስጫቸው። እናትሽ በልጅነታቸው የሰሙት እንጉርጉሮ፣ የሠርግ ዜማ አይጠፋቸውም። ልጅቷ ሄዳ «አያቴ፣ ያንን ዜማ አስተምሪኝ» ትበላቸው። እሳቸው ያንጎራጉሩ፤ እሷ ድምፁን በክሩ ላይ ትፈልገው። ስትሳሳት ያርሟት። ይህን የምልሽ እናትሽን ለማባበል ብቻ አይደለም። ኖታ ላይ ያልሰፈረ ዜማ እሳቸው ጋ አለ፤ መምህሩ ጋ ላይኖር ይችላል።

ምናልባት ቁጣቸው ከእምነት የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሁለት እምነት ማየት ብርቅ አይደለም፤ ተነጋግሮ መኖርን እናውቅበታለን። ልጅቷ ግን ከአያቷ ተደብቃ እንዳትማር። ምሥጢር የያዘች ልጅ ሙዚቃው አይጥማትም።

ትምህርቷን ያዘናጋታል ወይ ላልሽው፣ አሥር ደቂቃና በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ክበብ የሚያዘናጋ አይደለም። በፈረቃ የምትማር ከሆነ ደግሞ የግማሽ ቀን ጊዜ አላት። ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል የሚሉሽ ይኖራሉ። ለሒሳብ ብለሽ አታስገቢያት። የሒሳብ ውጤቷ ባይጨምር ቫዮሊኑ ጥፋተኛ ይሆናል። ለሙዚቃው ብላ ትማር። አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ክበቡን መቅጫ አታድርጊው። «ፈተና ከወደቅሽ ቫዮሊን የለም» ያልሻት ቀን ቫዮሊኑ ከእሷ ጋር ተጣልቷል። አብረዋት የሚጫወቱ ልጆችም አሉ፤ እሷ ስትቀር የእነሱ ድምፅ ይጎድላል።

ባልሽን አትርሺው። ክራር ክራር ያለው እሱ ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ አንድ ክራር ለቤቱ ይግዛና ራሱ ይማር። መቃኛው እንደ ጊታር የሚጠመዘዘውን ዓይነት ይምረጥ፤ በጨርቅ ተጠምጥሞ የሚወጠረው ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል። እሱ በትዝታ ይግረፍ፤ እሷ በቫዮሊኑ ትከተለው። አባት ከእሷ እኩል ጀማሪ ሆኖ ስታየው የምትደሰተውን ደስታ እኔ አልነግርሽም።

መምህሩን የምትጠይቂው ደግሞ ብዙ አይደለም። ለአንድ ቫዮሊን ስንት ልጅ ይደርሳል? መሣሪያው ቤት ይወጣል? ከክፍል በፊት ማን ይቃኘዋል? ክር ቢበጠስ ማን ይገዛል? የመጨረሻውን በተለይ አሁኑኑ ጠይቂ። ክር መበጠሱ አይቀርም፤ ያን ቀን ልጅቷ ጥፋት ያጠፋች መስሏት እንዳታለቅስ ቀድመሽ ንገሪያት።

ሰለቸኝ ብትልስ ላልሽው፣ ትላለች። ሁሉም ልጅ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዲስነቱ ሲያልቅና ዜማው ገና ሳይመጣ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ፣ ክበቡ ለወላጆች እስኪጫወት ድረስ ትቀጥላለች። በመሃል ብትከፋ ታርፋለች እንጂ አታቆምም። ከጓደኞቿ ጋር ሰው ፊት ቆማ ከተጫወተች በኋላ ግን ጠይቂያት። ያኔም በቃኝ ካለች እሺ በያት። አትቆጪያት። ምንም አልገዛሽም፤ የባከነ ገንዘብ የለም። ወደ ክራሩ ወይም ወደ ማሲንቆው መዞር ከፈለገች መምህሩ እዚያው ክበብ ውስጥ ቦታ ሊሰጣት ይችላል፤ የለመደው ጆሮዋም አብሯት ይሄዳል። ቫዮሊኑንም ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ልጅ ይወስደዋል።